የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ከወንጂ ስኳር እስከ ባንኮቻችን ኮምፒውተር

በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ አንድ ጥያቄ ሲመላለስ እሰማለሁ። ሥራችንን የሚያቀላጥፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያስፈልገናል፤ ለማን እናሠራው? አንደኛው ወገን «ልምዱም ስሙም ላለው የውጭ ኩባንያ በኮንትራት እንስጠው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የገዛ ልጆቻችንን ቀጥረን እዚሁ ቤታችን እናሠራው» ይላል። በእነዚህ መካከል ደግሞ ፈረንጆቹ «ኒርሾር» የሚሉት ሦስተኛ መንገድ አለ። ሥራውን ወደ ሩቅ አገር ከመላክ ይልቅ ሰዓቱና የሥራ ጠባዩ ለሚቀራረብ ጎረቤት መስጠት ማለት ነው፤ የአሜሪካው ኩባንያ ለሜክሲኮ፣ የጀርመኑ ለፖላንድ እንደሚሰጠው። ለእኛ ይህችን ቦታ የምትይዘው ሰዓቷ ከሰዓታችን የማይለየው ናይሮቢ ናት።

ጥያቄው ለኮምፒውተር ዘመን አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ይህች አገር ከመቶ ዓመት በላይ ስትመልሰው ኖራለች፤ አንዴ በትክክል፣ አንዴ በስህተት። መልሶቹም ሩቅ አይደሉም። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ፣ በቆቃ፣ በአዳማና በወንጂ አድርጎ መተሐራ የሚደርስ መንገደኛ አብዛኞቹን በአንድ ቀን ጉዞ ያያቸዋል። እኔም የስምጥ ሸለቆአችን ከተሞች ያለፉበትን ታሪክ እንደ መማሪያ ደብተር ገልጬ ላሳይ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሁሉ በፊት የባቡሩን ታሪክ እናንሳ፤ አዳማን ከመንደርነት አውጥቶ ከተማ ካደረጓት ነገሮች ዋነኛው እርሱ ነውና። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኔ የሰጡት የባቡር ሐዲድ ፈቃድ 99 ዓመት የሚዘልቅ ነበር። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ካፒታሉ፣ አስተዳደሩና የሥራ ቋንቋው የፈረንሳይ ሆነ፤ ዛሬ «ለገሃር» የምንለው ቃል እንኳ ፈረንሳይኛ ነው። ሐዲዱን መዘርጋታቸው ክፉ አልነበረም፤ ያን ጊዜ እኛ ልንዘረጋው አንችልምና። ነገር ግን 99 ዓመት ማለት የልጅ ልጅ ዕድሜ ነው። ውሉን የፈረሙት ሁሉ ውሉ ሲያበቃ በሕይወት እንደማይኖሩ ያውቁ ነበር። የመለያያ ቀኑን ማንም የማያየው ውል ማንንም ለመለያየት አያዘጋጅም።

ከዚህ ጋር አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር እናስተያየው። ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ይህን መስመር የቻይና ኩባንያዎች ገነቡት፤ በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። የማንቀሳቀሱም ኃላፊነት ለቻይናውያኑ ተሰጠ፤ ለ6 ዓመት ብቻ። በ2024 ሥራው ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ባለሙያዎች ተላለፈ። መስመሩ ችግር የለበትም አልልም፤ የዕዳውም ጫና፣ የመለዋወጫውም ጣጣ የሚታወቅ ነው። ይሁንና ከ99 ወደ 6 መውረድ ትልቅ ትምህርት ነው። ስድስት ዓመት አንድ ሰው ሠልጥኖ፣ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ሠርቶ፣ መምህሩን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚሸኝበት ዕድሜ ነው።

አሁን ከአዳማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርደን ወንጂ እንግባ። ኤች ቪ ኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአምስተርዳም ኩባንያ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ሰፊ እርሻ የነበረው ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ፊቱን ወደ ሌላ አገር አዞረ። በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1962 ወንጂ ሸዋ ተከተለ፤ ከዚያም መተሐራ። በቆቃም በ1960 ግድብ ተመረቀ፤ ገንዘቡ ኢጣሊያ ለወረራዋ ከከፈለችው የጦር ካሳ የተገኘ ነበር።

የወንጂ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የላይኛው ወንበርና የምሥጢሩ ዕውቀት ከሆላንዳውያኑ ጋር ነበር፤ አገዳ ቆራጩ የእኛ ሰው ነበር። በመተሐራ በኩል የከረዩ ከብት አርቢዎች የአዋሽን ግጦሽ አጡ። የወንጂ ሠራተኞችም ለመብታቸው ከተነሡት የአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት መካከል የሚቆጠር ማኅበር መሠረቱ። በሌላ በኩል ግን ከሃያ ዓመት በላይ በዘለቀ ሥራ ውስጥ ማሽን የሚያውቅ፣ ስኳር የሚያፈላ፣ መስኖ የሚመራ ኢትዮጵያዊ ወጣ። በ1975 ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ወፍጮው አልቆመም። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ውሎ ካደረ ስኳሩ ይቀንሳል። ያንን ሥራ ያላንዳች ሆላንዳዊ የቀጠለ ሰው ሥራውን በእርግጥ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ይሁንና በዚያው ወንጂ ሁለተኛ ትምህርት አለ። እኛ የተማርነው ፋብሪካ ማንቀሳቀስን ነው፤ ፋብሪካ መሥራትን አልተማርንም። ያረጁት ወፍጮዎች በ2010ሮቹ መጀመሪያ ሥራ ሲያቆሙና አዲስ ፋብሪካ ሲተከል እንደገና የውጭ ኩባንያ ዘንድ ሄድን። «ተማርን» ስንል ምኑን እንደተማርን ለይተን መናገር አለብን። ቁልፉን ማዞር አንድ ዕውቀት ነው፤ መቆለፊያውን መሥራት ሌላ።

ከሁሉም የሚያኮራውን ምሳሌ ለማየት ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። በ1940ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በዚያች ከተማ ያሠለጠኑት ስዊድናውያን ነበሩ፤ መሪያቸውም ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከ1946 እስከ 1956 በዚሁ ሥራ ላይ ቆዩ። በተመሳሳይ ዘመን በ1945 መንግሥት ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ተዋዋለና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው በረራም በሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሆነ። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም አሜሪካዊ ነበር። አንድ የዛሬ ተቺ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ «አየር መንገድ ነው ወይስ የአሜሪካ ቅርንጫፍ?» ብሎ በጠየቀ።

ልዩነቱ ያለው ግን በውሉ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ የታደሰው ውል የመጨረሻው ግብ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያውያን እንዲረከቡት መሆኑን አስቀመጠ። ሥልጠናው ከሥራው ጎን ተተከለ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1970 በተፈረመው ውል ቲ ደብሊው ኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተባሉ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ችኮላም አልነበረበትም፣ እንቅልፍም አልነበረበትም። አውሮፕላኑን ዛሬም ከውጭ እንገዛለን፤ ነገር ግን ማን ያበረዋል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ማን ያዝበታል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ «እንግዲያውስ ሁሉን ነገር በቤታችን እንሥራው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!» ሲሉ ይሰማኛል። ለእነርሱ ደግሞ የቅርብ ዘመን ታሪክ አለላቸው። በ2010 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ የምንለው፣ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ትራክተር ለመገጣጠም የተተከለው የአዳማችን ፋብሪካም በእርሱ ሥር ገባ። ለዚህ ድርጅት 10 የስኳር ፋብሪካዎችና የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተሰጠው። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ የወንጂውን ጉድለት መሙላት፣ መቆለፊያውን ራሳችን መሥራት። ነገር ግን ያልተማረ ሰው ያለ መምህር፣ ያለ ጨረታና ያለ ጠያቂ ሥራ ተሰጠው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ዓመታት ዘገዩ፤ በ2018 የግድቡ ሥራ ከእጁ ተወስዶ እንደገና ለውጭ ኩባንያዎች ተከፋፈለ። «የእኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ሙያ አይሆንም። የቤት ልጅ ስለሆነ ብቻ ያልተማረን ልጅ ለቀዶ ጥገና የሚያሰልፍ ሐኪም ቤት የለም።

በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከአዳማ ሰማይ በታች ቆሟል፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2012 ተጠናቀቀ፤ 51 ሜጋ ዋት። ሁለተኛው በ2015፤ 153 ሜጋ ዋት። የገነቧቸው የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ነገር ግን የባለቤቱን አማካሪ መሐንዲስነት የያዙት የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። እጁ የውጭ ሆነ፤ ዓይኑ ግን የእኛ። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙልኝ፤ ወደ ሶፍትዌሩ ስገባ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ። ሶፍትዌር ከስኳር ፋብሪካ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ተሠርቶ አያልቅም። ወፍጮ ተተክሎ ሠላሳ ዓመት ይፈጫል። ፕሮግራም ግን ግብሩ ሲቀየር፣ መመሪያው ሲወጣ፣ ደንበኛው ሲበዛ በየጊዜው መነካት አለበት። ስለዚህ ፕሮግራም መግዛት ዕቃ መግዛት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉድኝት መግባት ነው። የ99 ዓመቱን ውል ሳይታወቀን የምንፈርመው እዚህ ላይ ነው፤ በወረቀቱ ላይ «2 ዓመት» ተብሎ ተጽፎ እያለ።

እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ከጎረቤት አገር ኩባንያ ገዛ። ዋጋው የሚቀመስ፣ ሰዎቹም ትሑታን ነበሩ፤ ስልክ ሲደወልላቸው በሥራ ሰዓት ያነሣሉ። ችግሩ የመጣው ከጳጉሜን ጋር ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ የእኛ ዓመት 13 ወር አለው። የወለዱ ስሌት ከአባላቱ ደብተር ጋር አልገጥም አለ፤ ለእያንዳንዷ ማስተካከያም አዲስ ክፍያ ተጠየቀ። ማኅበሩ ተማርሮ አንድ ወጣት ቀጠረ። ልጁ ጎበዝ ስለነበር በሦስት ወር ውስጥ ነገሩን አቃናው። በዓመቱ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ሄደ፤ ምን እንዴት እንደሠራ ግን በጽሑፍ አላሰፈረም፣ እንዲያሰፍርም የጠየቀው አልነበረም። በሚቀጥለው ጳጉሜን ችግሩ ተመልሶ መጣ። በገበያ ቅመም ሸጠው የቆጠቡ እናቶች የገዛ ገንዘባቸውን ለማውጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ተመላለሱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎረቤትነት ሰዓትን ያቀራርባል እንጂ የቀን መቁጠሪያን፣ ሕግንና ልማድን አያቀራርብም። በቤት ውስጥ መሥራትም ብቻውን መድኅን አይሆንም። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት ከናይሮቢም ይርቃል፤ ናይሮቢ ቢያንስ ስልክ ያነሣል።

የጎረቤታችንን የኬንያን ታሪክም ብናይ ይኸው ነው። ኤምፔሳ በ2007 ሲጀመር ሥራው የኬንያ፣ ፕሮግራሙ ግን የእንግሊዙ ቮዳፎን ነበር፤ ሰርቨሮቹም ጀርመን አገር ነበሩ። በናይሮቢ ገበያ አትክልት የሚሸጥ ሰው ገንዘብ ሲልክ ሒሳቡ በአውሮፓ በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። ሰርቨሮቹ ወደ ኬንያ የተመለሱት በ2015 ነው። የመድረኩ ባለቤትነት ወደ ሳፋሪኮምና ወደ ደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም የዞረው በ2020 ነው። ኬንያውያኑም አሠሩ፣ ለመዱ፣ ቀስ በቀስ ጠቀለሉ። የእኛው ቴሌብርም በ2021 ሲጀመር በቻይናው ሁዋዌ መድረክ ላይ ነው የቆመው፤ ጥያቄው በሚቀጥሉት ዓመታት ምን ያህሉን ወደ እጃችን እናስገባለን የሚለው ነው።

በመጋቢት 2024 ደግሞ ሁላችን ያየነው ነገር ሆነ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊት በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ ገለጸ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተናገረ። ነገሩን የማነሣው በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሌሊት በየትኛውም ባንክ ሊመጣ ይችላል። ያ ሌሊት ሲመጣ ግን ችግሩን አይቶ የሚያውቀው፣ የሚዘጋበትንም በር የሚያውቀው ሰው የት አገር ተኝቷል? ሒሳባችን ያለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

«እኛ አንችልም» የሚለውን ግን አልቀበልም። በ1980ዎቹ የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ያስገባልን የውጭ ኩባንያ አልነበረም፤ ገበያው ትንሽ ስለሆነ ማንም አልጓጓለትም። ያደረጉት እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና በአገር ቤት የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በዚያ ድካም ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም ሌላ አብነት ነው። መሠረቱ በህንድ ባንጋሎር የተሠራው ሞሲፕ የተባለ ክፍት ፕሮግራም ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የእኛ ልጆች ገልጠው ሊያነቡት፣ ለአገራቸው ሁኔታ ሊያርሙት ይችላሉ። ሁሉን ከዜሮ አልጀመሩም፤ በሰው ቁልፍም አልተቆለፉም።

እንግዲህ የታሪኩን ጭማቂ እናውጣ። ፕሮግራም ሊያሠራ የተነሣ ማኅበር፣ ባንክ ወይም የከተማ አስተዳደር «የውጭ ወይስ የቤት?» ከማለቱ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ የመለያያው ቀን በውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? ይህ የባቡሩ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመምህሩ ጎን የሚቀመጥ ተማሪ አለ ወይ? ይህ የአየር መንገዱ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚሰጥ «ሥልጠና» ሥልጠና አይባልም፤ የስንብት ግብዣ ነው።

ሦስተኛ፣ ሶርስ ኮዱና መረጃው የማን ነው፣ የይለፍ ቃሉስ በማን እጅ ነው? ይህ የወንጂው መቆለፊያ ነው።

አራተኛ፣ ሠሪው የውጭም ይሁን የቤት፣ ሥራውን የሚመረምር የራሳችን ዓይን አለ ወይ? ይህ የነፋስ ተርባይኖቹና የሜቴክ ትምህርት ነው።

አራቱም መልስ ካገኙ፣ የሥራው ልብ ያልሆነውን ለናይሮቢም ሆነ ለባንጋሎር መስጠት ነውር የለበትም። የሥራው ልብ የሆነውን፣ ማለትም የገንዘብ ስሌቱን፣ የደንበኛውን መዝገብና በየዓመቱ የሚቀያየረውን ሕግ የሚነካውን ክፍል ግን ሦስትም አራትም የራስ ባለሙያ ሊይዘው ይገባል። አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲቀር፣ የተሠራውም ሁሉ ተጽፎ እንዲቀመጥ። ይህ ወጪ ነው። ግን በየጳጉሜኑ ከሚከፈለው ይልቅ ይቀላል።

ሰውስ አለ ወይ? አለ። በአዳማ በ1993 በቴክኒክ ኮሌጅነት ተጀምሮ ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በየዓመቱ ወጣቶችን ያስመርቃል። ይህ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከጀርመንና ከደቡብ ኮሪያ በመጡ ፕሬዚዳንቶች የተመራበት ጊዜ ነበረው፤ መጡ፣ ሠሩ፣ ሄዱ፤ ቤቱ ቀረ። ከእነዚህ ተመራቂዎች ብዙዎቹ በአዳማ አደባባዮች ላይ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ኮምፒውተራቸውን ይዘው ለውጭ ኩባንያ ከቤታቸው ይሠራሉ። ለእኛ ማኅበር «አይችሉም» የተባሉት ልጆች ለሰው አገር ኩባንያ ሲችሉ ማየት ያማል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ የእኛ ደጃፍ የተቆረጠበት ሞፈር ሰው መሆኑ ነው የሚለየው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አባቶች ወርቅ መዋስን መከልከላቸው አልነበረም፤ ለሠርግ ይዋሱ ነበርና። የተዋሱትን የሚመልሱበትን ቀን ግን ያውቁ ነበር፤ እስከዚያውም የራሳቸውን ለማሠራት አንጥረኛው ዘንድ ይመላለሱ ነበር።

ቸር ያሰማን።